ጥቂት የት ላይ ያበቃል

ማሽኑ ስለ ማዕድን ዋሻው ጣሪያ የተናገረውን መሐንዲሷ ደጋግማ አነበበችው፦ «ይቆማል። ጥርጣሬ፦ ጥቂት።» ትናንት ማሽኑ እንዲህ ባለበት ቦታ ድንጋይ ወርዶ የአንዱን ቆፋሪ እግር ሰብሯል።

የዋሻው ጣሪያ ላይ የተተከሉት ሴንሰሮች የድንጋዩን ድምፅ ይሰማሉ፤ ማሽኑ ከዚህ ቀደም ከተማረው ጋር እያስተያየ ይቆማል ወይም ይወርዳል ብሎ ይተነብያል። ከትንበያው ጎን የጥርጣሬውን መጠን እንዲናገር ያደረገችው እሷ ናት። መሳሳቱ አልገረማትም፤ የማይሳሳት አንድ አምላክ ነው። ያንገበገባት እየተሳሳተ በልበ ሙሉነት መናገሩ ነው።

«ጥቂት» የሚለውን ልክ ያገኘችው ከሰዎቹ ነበር። ሥራውን ስትጀምር ቆፋሪዎቹን ምግብ አዳራሽ ሰብስባ፣ «ለብ ያለ ውሃ ሙቅ ነው ቀዝቃዛ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«እንደ ባለቤቴ ፊት ነው፤ አይታወቅም!» አለ አንዱ። ሳቁ።

«ትንሽ ሙቅ፣ ትንሽ ቀዝቃዛ ነው። ጥርጣሬም እንደዚያው ነው፤ አንድ ድምፅ በከፊል ጥቂት፣ በከፊል ብዙ ሊያጠራጥር ይችላል። ማሽኑ ድንበሩን አያውቀውም። እናንተ ንገሩኝ።»

የተቀዳውን የድንጋይ ሲጥታ አሰማቻቸው። «ጥቂት!» አሉ። ጠንከር ያለውን አሰማች። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ይኼን የፈራ ቀሚስ ይልበስ!» አለ ምሰሶ የሚሉት አለቃቸው።

ከዚያ በኋላ ያሰማቻቸው ድምፅ ሁሉ «ጥቂት» ሆነ። ዕድሜ ልኩን ለዋሻ ጣሪያ እንጨት ሲያቆም የኖረው አባቷም አቀርቅሮ፣ «ጥቂት ነው» አለ።

ድንጋዩ በወረደ ማግስት፣ ማታ፣ አባቷን ቤት ጫማውን ሲያወልቅ አገኘችው።

«አባዬ፣ ያ ድምፅ የእውነት ጥቂት ነበር?»

«ምነው ዛሬ?»

«የሰውዬው እግር ተሰበረ እኮ።»

ያወለቀውን ጫማ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «ልጄ፣ በሰው ፊት ነዋ የጠየቅሽኝ። ምሰሶ እያለ፣ ጓደኞቼ እያሉ፣ አንቺ ቆመሽ እያየሽኝ... ፈራሁ ልበልሽ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው።»

የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠችው። ሁለተኛው ድምፅ ላይ ሲደርስ እንደሚያቃጥል ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «እዚህ ላይ እግሬ እሺ አይለኝም። የምገባው እግዜርን እየጠራሁ ነው።»

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው፣ በር ዘግታ አነጋገረች። ምሰሶ ሳይቀር፣ «የጓዴ ልጅ ነሽ፣ ለማንም እንዳትነግሪ» ብሎ ድምፁ ገና ሲጀምር «በቃ፣ ዝጊው» አላት። የነገሯትን ይዛ ድንበሮቹን አሻሻለች። አሁን ስክሪኑ ስለ ዋሻው ውስጠኛ ክፍል የሚለው ሌላ ነው፦ «ይቆማል። ጥርጣሬ፦ ብዙ።»

የማዕድን ማውጫው ሥራ አስኪያጅ አየው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከበላይ የሚጠይቁት ግን አሉበት።

«ይቆማል ነው የሚለው፣ አይቆምም?»

«ይቆማል ይላል፤ ግን ራሱን አያምንም።»

«ራሱን የማያምን ማሽን ለእኔ ምን ይሠራልኛል?»

ወጥቶ ዋሻው አፍ ላይ ለተሰበሰቡት ሰዎች ነገሩን ሳይደብቅ ነገራቸው። «ከዘጋን ሁላችሁም ቤታችሁ ናችሁ፤ እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም። ማስገደድ የለም። የሚገባ እጁን ያውጣ።»

«እንዲህ አይጠይቋቸው!» አለች መሐንዲሷ። «ለየብቻቸው ይጠይቋቸው፣ በር ዘግተው!»

«ምን ለውጥ አለው? ሰዎቹ ያው ናቸው።»

መጀመሪያ የምሰሶ እጅ ወጣ። ከዚያ ከጎኑ ያለው፣ ከዚያ ደግሞ ከኋላ ያሉት። አባቷ መሬት መሬቱን ያያል። ሄዳ ክንዱን ልትይዘው ፈለገች፤ ግን ከያዘችው ልጁ ከሞት ጎትታ ያስቀረችው እየተባለ ነው የሚኖረው። ባለችበት ቀረች።

እጁ ከፍ አለ፤ ትከሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። አልወጣም፣ አልወረደም። ሥራ አስኪያጁ በጣቱ እየጠቆመ ሲቆጥር ከሌሎቹ ጋር ቆጠረው።

አባቷ መዶሻውን አነሣ። ወደ ዋሻው ሲያልፍ፣ «አይዞሽ» አላት፤ ፊቷን ግን አላየም።

ወደ ቢሮዋ ተመልሳ ከጣሪያው ሴንሰሮች ጋር የተያያዘውን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ከሩቅ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ እንጨት ላይ የሚያርፍ መዶሻ ይሰማል። በሁለት ምት መካከል ድንጋዩ ሲጥ ይላል። ከንፈሯ እግዜርን እየጠራ ይንቀሳቀሳል፤ ቀጣዩን ምት ትጠብቃለች።