ቁልፉን እንዴት እንዳስረከበ

የላንገንዌርት ምክር ቤት ከተማዋን በፈቃዱ ልስጥ ወይስ አልስጥ ብሎ የተሰበሰበው ከገና በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ ነው። በዚያ በሰባዎቹ አጋማሽ መንግሥት ትንንሾቹን ከተሞች እየለቀመ ለትልልቆቹ ይድር ነበር። ላንገንዌርትን የሚጠቀልላት ጎረቤቷ ሆኸንታል ነው። ሆኸንታል ባቡር ጣቢያ አለው፣ የቢራ ፋብሪካ አለው፣ ንቀትም አለው። ከአዲሱ ዓመት ቀን ጀምሮ ላንገንዌርት ከንቲባ አይኖራትም፣ ምክር ቤትም አይኖራትም፤ ስሟም የአንድ ሰፈር ስም ይሆናል። ይህ የተቆረጠ ነገር ነበር። ያልተቆረጠው፣ ከተማዋ ወዳ ሄደች ተብሎ ይጻፍ ወይስ ተጎትታ የሚለው ብቻ ነው።

ወዳ ከሄደች ጥሎሽ አላት፤ ጣሪያ ያለው፣ ውሃው የሚሞቅ የመዋኛ ገንዳ። እምቢ ካለች ግን ምንም የላትም።

ወይዘሪት ዊልትሩድ ኦሽማን በዚህ ጉዳይ ድምፅ አልነበራትም። የምክር ቤቱ ጸሐፊ ናት፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ቃለ ጉባኤ ስትይዝ ኖራለች። በዚያ ቤት ጸሐፊ እጅ እንጂ አፍ የለውም። ድምፅ አይሰጥም፣ አስተያየት አይሰጥም፣ ሌሎቹ ሲስቁ እንኳ አብሮ አይስቅም። እርሷም ሕጉን አክብራ ኖራለች። አፏን የምትከፍተው የስም ጥሪ ሲሆን ብቻ ነው።

የስም ጥሪ የላንገንዌርት የራሷ ወግ ነው። የከተማዋን ህልውና የሚነካ ነገር ለድምፅ ከመቅረቡ በፊት፣ በየዓመቱም የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ፣ ሁሉም ብድግ ይላል። ጸሐፊዋም ከትልቁ መዝገብ የከንቲባዎቹን ስም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታነባለች። አርባ ሦስት ናቸው። ለእያንዳንዱ የተመደበለት አንድ መስመር ነው፤ ስሙ፣ የሹመት ዘመኑ፣ የማዘጋጃ ቤቱን ቁልፍ እንዴት እንዳስረከበ። ደግ ነበር፣ ክፉ ነበር የሚባል ነገር የለም። ላንገንዌርቶች ሹመኛን የሚመዝኑት ሲገባ ሳይሆን ሲወጣ ነው። ጥሪው ከተጀመረ እስኪያልቅ ከጸሐፊዋ በቀር ማንም ቃል አይተነፍስም። የተነፈሰ ከአዳራሹ ይወጣል፤ የዕለቱን ድምፁንም ያጣል። በዚህ ሕግ የተነሳ ሳላቸውን አፍነው ፊታቸው እንደ ቲማቲም የቀላ ስንት ሽማግሌዎች አይታለች!

ስብሰባው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው መምህር ዮአኺም ሉትስ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። አንድ ሰፈር አብረው ያደጉ፣ በአንድ ወንዝ የተራጩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ እርሱ የምክር ቤት አባል ነው።

«ዊልትሩድ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ» አላት። «ዛሬ እጄን የማነሳው ለገንዳው ነው።»

«አንተ? ከሰው ሁሉ አንተ?»

«አዎ፣ እኔ። በሐምሌ ያቺን የሰጠመች ልጅ ከወንዙ ያወጣኋት እኔ ነኝ። የክፍሌ ልጅ ናት፤ ገና ስምንት ዓመቷ። መዋኘት ብታውቅ ኖሮ ይኸኔ በማባዛት ታስለቅሰኝ ነበር።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «አባቶቻችን ቢያዩኝ እንደሚያፍሩብኝ አውቃለሁ። አባቴ የሞተው በዚህ ቤት ምክንያት ነው። ያንቺንም አባት ቁልፉን በጉልበት ነው የነጠቁት። ግን ለሙታን ክብር ብዬ ሌላ ልጅ ልቅበር?»

«ያንቺንም አባት» ያለው ነገር እየቆረቆራት መዝገቡን ታቅፋ ቀድማው ገባች።

አዳራሹ ውስጥ ፋርማሲ ያለው አቶ ዛይፈርት ገና ከመቀመጡ መናገር ጀመረ። የገንዳው ወገን መሪ እርሱ ነው።

«ወገኖቼ፣ እስቲ እንደ ሰው እናስብ። እምቢ ብንል ይተዉናል? አይተዉንም። የማይቀርልሽን እንግዳ አጥብቀሽ ሳሚው ነው ነገሩ። መወሰዳችን ካልቀረ ባዶ እጃችንን ከምንወሰድ ገንዳ ይዘን ብንወሰድ ምን ይቀርብናል?»

«ከሳምኩት በኋላ አልጋዬ ላይ ወጥቶ ቢተኛስ?» አለ ከንቲባ ኤጎን ዲፖልድ። አናጢ ነው፤ ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቀልድ ሲያወራ እንኳ ፊቱ አይፈታም።

«እርስዎ ደግሞ ወንበሩ ጣፍጦዎት ነው!»

«ወንበሩን የሠራሁት እኔው ነኝ አቶ ዛይፈርት። ካማረኝ ነገ ሌላ እሠራለሁ።»

ተሳሳቁ እንጂ ሁሉም ሒሳቡን ያውቁታል። ለገንዳው አምስት ሰዎች አሉ። ለእምቢታው ከንቲባውን ጨምሮ አምስት። የሚያጋድለው ሉትስ ነው፤ ሉትስ ደግሞ ገና ከመግባቱ ዛይፈርት አጠገብ ነው የተቀመጠው። ዛይፈርት የፈቃድ ስምምነቱን ወረቀት አምጥቶ፣ ብዕሩን ከፍቶ፣ ጠረጴዛው ላይ አሰናድቶታል። ዊልትሩድ ያን ብዕር ስታየው ደሟ ፈላ።

«ጥሪው ይጀመር» አለ ከንቲባው። ሁሉም ተነሱ።

«ኩንራት ዛትለር፤ ሰባት ዓመት፤ ቁልፉን በሞት አስረከበ» ብላ ጀመረች። «ፋይት ራውሽ፤ ሁለት ዓመት፤ መስፍኑ ደጃፉ ላይ ሰቀለው፤ ቁልፉን ሚስቱ ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው። ባልታዛር ኦም፤ አራት ዓመት፤ ሰክሮ ቁልፉን ወንዝ ውስጥ ጣለ፤ አዲስ በር በገዛ ኪሱ አሠራ።» ሌላ ጊዜ ባልታዛር ጋ ሲደረስ ከንፈሩን የማይነክስ አልነበረም። ዛሬ ማንም አልነከሰም። «ሎሬንትስ ፒክ፤ ስድስት ዓመት፤ ለፈረንሳዮች የበግ ጋጣውን ቁልፍ ሰጥቶ ሦስት ቀን አደከማቸው፤ በአራተኛው በሩን ሰብረው ገቡ።»

እንዲህ እያለች ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ደረሰች።

«አውጉስት ኦሽማን፤ ዘጠኝ ዓመት፤» አለችና ቆመች።

አባቷ ነው። የቀረው ቃል ከፊቷ አለ፤ «ቁልፉን በኃይል ተነጠቀ» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የራሷ ነው። ጦርነቱ አልቆ ሥራ የጀመረች ጊዜ ያ ቦታ ባዶ ነበር። የዚያን ጊዜው ከንቲባ «የእርስዎ አባት ነው፤ እርስዎ ያውቁታል፤ ይሙሉት» አላት። አባቷ ሞቶ ነበር፤ እርሷ ደግሞ ሰው ፊት ቀና ብላ መሄድ ፈለገች፤ ሞላችው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስምንት ዓመት በየጥሪው ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ አንብባዋለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አንዴ እንኳ የጠየቃት የለም። በላንገንዌርት ሰው ይዋሻል እንጂ መዝገብ አይዋሽም።

«ቁልፉን» አለች እንደገና። «ቁልፉን በፈቃዱ አስረከበ።»

ዛይፈርት አፉን ከፈተ። ከንቲባው በጣቱ በሩን አሳየው። ዛይፈርት የሚያጣው የምርጫ ድምፅ ትዝ አለውና አፉን መልሶ ገጠመ።

«እዚህ የተጻፈው ሌላ ነው» አለች ዊልትሩድ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው። በሠላሳ ሦስት እነዚያ ናዚዎች ሲመጡ፣ ምክር ቤቱ በሩን ቆልፎ ላለመክፈት ተማምሎ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ከእነሱ ሁለቱ ቤታችን መጡ። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ኬክ ቆርሼ አቀረብኩላቸው። አልጮኹም፣ አልመቱትም፣ ሽጉጥ አላወጡም። አባቴ ‹መውሰዳችሁ ካልቀረ፣ ቢያንስ የባቡር ጣቢያውን መንገድ ድንጋይ አንጥፉልን› አላቸው። እሺ አሉት። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ከኬኩ ሳህን አጠገብ አኖረላቸው። መንገዱንም አነጠፉልን። ዛሬ ሁላችሁም በእሱ ነው የመጣችሁት።»

እስከዚህ ድረስ ዓይኗን መዝገቡ ላይ ተክላ ነበር። እንዲህ መሆኑ ፈሪነት መሰላትና ቀና ብላ ሉትስን አየችው።

«ረቡዕ ጫማ ሰፊው ፍራንትስ ሉትስ በተማማሉት መሠረት በሩን ሊቆልፍ መጣ። በአባቴ ቁልፍ ከፍተው፣ ውስጥ ሆነው ጠበቁት። ዮአኺም፣ አባትህ የገባው በተሰበረ በር አይደለም።»

ሉትስ ጥሪው እስኪያልቅ መናገር አይችልም። የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ አፍጥጦ አያት። አርባ ዓመት ስትፈራው የኖረችው ይህን ፊት ነበር፤ አሁን አየችው፤ አልሞተችም።

«አርባ ሦስት ከንቲባ አለን» አለች። «የተሰቀለ አለ፣ የሰከረ አለ፣ ግምጃ ቤቱን ይዞ የጠፋም አለ። በፈቃዱ የሰጠ ግን አንድ ነው፤ እሱም የኔ አባት ነው። ከጎኑ ሁለተኛ ስም አልጽፍም! ካስፈለጋችሁ ሌላ ጸሐፊ ፈልጉ።»

ከዚያም ምንም እንዳልተፈጠረ በተለመደው ድምፅዋ የቀሩትን አምስቱን ቀጠለች። የመጨረሻው በሕይወት ያለው ነበር።

«ኤጎን ዲፖልድ፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት፤» አለችና መዝገቡን ሳትዘጋ ተወችው። የቀረው ገና አልተጻፈም።

ከንቲባው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥሪው አልቋል። በፈቃዳችን እንሂድ የሚል፣ እጁን ያውጣ።»

አምስት እጅ ወጣ። ዛይፈርት የራሱን አውጥቶ በክርኑ ሉትስን ጎሸመው። ሉትስ አልተነቃነቀም።

«አንሄድም የሚል።»

አምስት እጅ ወጣ። ከዚያ ቆየት ብሎ፣ ከባድ ነገር የሚያነሳ ይመስል፣ ሉትስ እጁን አነሳ።

«ልጆቹስ?» ብሎ ጮኸ ዛይፈርት። «ከትናንት ወዲያ ስታለቅስላቸው አልነበረም እንዴ?»

«ገንዳውን ራሳችን እንቆፍራለን» አለ ሉትስ። ድምፁ ሻክሯል። «አካፋ አለኝ።»

«በአካፋ የሞቀ ውሃ አይወጣም!»

«በቀዝቃዛም ይዋኛል። ብዕርህን ክደን፤ ቀለሙ ይደርቅብሃል።»

ኮቱን አንስቶ ወጣ። በዊልትሩድ አጠገብ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላያትም። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወጡ፤ እንደ ወትሮው «መልካም ሰንበት» ያላት አንድም ሰው የለም። ከንቲባው ብቻ ቀረ።

«ወይዘሪት ዊልትሩድ፣ መስመሩን ያርሙት» አላት። «እንዳይፍቁት። ሰርዘው ከላዩ ይጻፉ፤ የተሰረዘውም ይታይ።»

«የእርስዎንስ ምን ብዬ ልሙላ?»

«ይጠብቁ፤ ገና አልወሰዱኝም» አለና ባርኔጣውን ደፋ።

የሆኸንታል ሰዎች የመጡት በአዲሱ ዓመት ማግሥት፣ ጠዋት ነው። አንድ ባለ ከረባት ምክትል ሹም፣ ሁለት ፖሊሶች፣ አንድ ቁልፍ ሠሪ። ደረጃው ላይ ሰው ሞልቶ ጠበቃቸው። አልሞት ባይ ተጋዳይ ማለት እነዚህ ናቸው፤ ዳቦ ጋጋሪው በነጭ ልብሱ፣ ያረጁ ሴቶች በገበያ ቅርጫታቸው፣ ሁሉም በብርዱ እግሩን እየመታ።

«ክቡር ከንቲባ፣ ከትናንት ጀምሮ ሕንጻው በሕግ የኛ ነው» አለ ምክትል ሹሙ። «እባክዎን ቁልፉን።»

«የናንተ ነው» አለ ዲፖልድ። «እኔ ግን አልሰጥም። ስበሩት።»

«ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ በር እኮ ነው! አያሳዝንዎትም?»

«እኔ አናጢ ነኝ። ከናንተ የበለጠ ያሳዝነኛል። ስበሩት!»

ሰውየው ቁልፍ ሠሪውን አየ። ቁልፍ ሠሪው መሬት መሬት አየ። ፖሊሶቹ ሰዉን አንድ በአንድ፣ በትሕትናም ቢሆን፣ ከደረጃው ማውረድ ጀመሩ።

ዊልትሩድ ከሁሉም በላይ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆማለች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሰላም የሚላት ሰው ጥቂት ነው። ዛሬም ሰዉ ሁሉ ተጠጋግቶ ሲቆም ከርሷ ግራና ቀኝ ባዶ ነበር። በሩ ሰፊ ነው፤ አንዲት አሮጊት ጸሐፊ ብቻዋን አትሞላውም። ግን አልተንቀሳቀሰችም። እንደ ድሮው ኬክ ቆርሳ የምታቀርብላቸው መስሏቸው ከሆነ፣ ያን ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ሉትስ ደረጃውን እየገፋ ወጣና አጠገቧ ቆመ። ፊቱን ወደ ፖሊሶቹ እንዳደረገ ነው።

«ላንቺ ብዬ አይደለም የቆምኩት» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ይቅርም አላልኩሽ።»

«አውቃለሁ ዮአኺም።»

ፖሊሶቹ ሁለት ደረጃ ቀርቷቸዋል።

«እንግዲያው ጠጋ በይ» አላት። «በመካከላችን ሰው እንዳያልፍ።»