አውሎ ነፋሱ የደከመ ለት

የከተማዋን መምህርት እስከዳርን ከአልጋዋ ያስፈነጠራት ስልኳ ላይ ያየችው የደመና ሥዕል ነበር። ወንድሟ ሚካኤል መርከበኛ ነው። መርከቡ ሕንድ ውቅያኖስ መሀል ከአውሎ ነፋስ ጋር ከተፋጠጠ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። እስከዳር ጂኦግራፊ አስተማሪ ናትና ሳተላይት የሚልከውን ሥዕል ታነበዋለች። ትናንት አውሎ ነፋሱ መሀሉ ላይ ጥርት ያለ ዓይን ነበረው፤ ደመናው ዙሪያውን ተጠምጥሞ ባሕሩን ሲገርፍ ዋለ። ሊነጋጋ ሲል ግን ዓይኑ ጠፍቷል፤ ከላይ የመጣ ነፋስም ደመናውን ገፎ ወደ አንድ ጎን ጥሎታል። ደከመ! የብስ ሳይነካ፣ እዚያው ውኃው ላይ።

ደስታ ደግሞ መቼ ያስችላል? ባልደረባዋን ታዲዮስንና ጎረቤቷን ጠጄን ቀሰቀሰች። እናቷ ወይዘሮ ጌታነሽ ስልክ የላቸውም፤ ቤታቸውም ከከተማው ወጣ ብሎ ነውና ሊያበሥሯቸው በእግር ተነሡ። መንገድ ላይ የነፍስ አባታቸውን ቄስ ገብረ አማኑኤልን አግኝተው አብረው ሄዱ። ውርጩ ይጋረፋልና ሁሉም ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ! በዚያ አገር በማለዳ ከቄስ ጋር ተከናንቦ ደጅ የሚመጣ መርዶ ነጋሪ ነው። ስንቱን ያረዱት ቄስ እንኳ ይህን አላሰቡትም።

ወይዘሮ ጌታነሽ በሩን ከፍተው አዩዋቸው። አንድ ቃል አልጠየቁም። «ባሕሩ ልጄን በላብኝ!» ብለው ራሳቸውን ከድንጋዩ ካብ ጋር አላተሙት። ደም ፊታቸውን አለበሰው። ጉንጫቸውን በጥፍራቸው ቧጠጡት፤ ሊይዛቸው የሞከረውን ታዲዮስን አፍንጫውን በክርናቸው ነርተው ቁጭ አደረጉት።

«እማዬ፣ አልሞተም! አውሎ ነፋሱ ነው የደከመው፤ ይኸው ይዩት!» እስከዳር ስልኩን ፊታቸው ደቀነች።

«የታለ ልጄ? እዚህ ውስጥ የታለ?»

ነጭ ደመና፣ ጥቁር ውኃ። እስከዳር ሥዕሉን በጣቷ እያሰፋች ፈለገች። ሳተላይቱ ደመናውን እንጂ መርከቡን አላሳያትም። አውሎ ነፋሱ የደከመው ሚካኤልን ከዋጠ በኋላ ይሁን ከመዋጡ በፊት አታውቅም። እስካሁን ይህን ለራሷም አልነገረቻትም ነበር፤ አሁን ፈራች።

እናቷ ፍርሃቷን ፊቷ ላይ አዩ። ስልኩን ነጥቀው መሬት ጣሉና ድንጋይ አንሥተው ቀጠቀጡት። ልትከላከል እጇን ብትሰድ ጣቷንም ጨምረው መቱት። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው «በስመ አብ! በስመ አብ!» እያሉ መሀል ገቡ።

ይኼኔ ከተሰባበረው መስታወት ሥር ዋሽንት ተሰማ። እስከዳር ለሚካኤል ጥሪ ብቻ የመረጠችው ዜማ ነው፤ እናትየውም በየበዓሉ ሲደውል ሰምተው ያውቁታል። ድንጋዩ ከእጃቸው ወደቀ። የእስከዳር የደማ ጣት መስታወቱ ላይ ተንሸራተተ፤ ስልኩ አልታዘዝ አለ። ደገመች። ጥሪው ቆመ።

ወዲያው እንደገና ጀመረ። ጠጄ «ሲም ካርዱን አውጥተን እኔ ስልክ ውስጥ እንክተተው» ብላ እጇን ዘረጋች። ወይዘሮ ጌታነሽ ግን ቀድመዋት አነሡት፤ ደም ያለበሰው ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ካቡ ሥር ተቀመጡ።

«ተዪው፣ ይጩህ» አሉ። «እኔ ጮኼ ጨርሻለሁ።»