ለብቻው የተፈጨው ዛፍ

ዘመነ ጆንያውን ከትከሻው አውርዶ ደጃፏ ላይ ሲያኖረው፣ ትሩፋት እጇ እስከ ክርኗ በጭቃ ተለውሶ የማሰሮ ከንፈር እያበጀች ነበር። ቀና ብላ አየችው እንጂ አልተነሣችም። ታውቀዋለች። ወረታ መግቢያ ላይ፣ ከሩዝ ወፍጮዎቹ ጀርባ፣ የታመመ ባሕር ዛፍ ፈጭቶና ጨምቆ ማገዶ የሚያደርገውን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። በደጇ ሲያልፍ ግን ቆሞ አያውቅም።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ትሩፋት?» አላት።

ይኸኔ ነው ነገሩ ያልጣማት። አፉን ከፈታ ጀምሮ ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ድረስ «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው ዛሬ ምን አግኝቶ «እርስዎ» አላት?

«እግዜር ይመስገን። ምንድን ነው ይኸ?»

«እንክብሉ ነው፣ ማገዶው። ሸክላ ሲተኩሱበት እንዴት እንደሚሆን ይሞክሩልን ብዬ ነው። በነፃ ነው።»

«ማን ላከህ?»

«የማሽኑ ባለቤት ማኅበሩ ነዋ» አለ። ይህን ሲል ዓይኑ ከእሷ ሸሽቶ ወደ ኮረብታው ሄደ።

ትሩፋትም ኮረብታውን አየች። ቀድሞ ጥቅጥቅ ብሎ ይታይ የነበረው ባሕር ዛፍ አሁን ግማሹ ጉቶ ነው። «እንግዲህ ካመጣኸው አኑረው» አለችና ወደ ጭቃዋ ተመለሰች። ዘመነ ጆንያውን ትቶ ሄደ።

የዛፉ ነገር እንዲህ ነው። ኮረብታው ላይ ያለው ተክል የአራት አባወራ ሲሆን ትልቁ ድርሻ የየሻው ነው። ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ወጣ ሲል፣ የዛፎቹ ጫፍ ይጠወልግ ጀመር። ቀጥሎ ቅጠሉ እየተኮማተረ ረገፈ፤ ቅርፊቱም እየተሰነጠቀ ቀይ ሙጫ አንጠባጠበ። ብሥራት የምትባል የግብርና ባለሙያ መጥታ ቅርፊቱን ልጣ አየችና፣ «በሽታ ነው፤ ከችግኙ ጋር የመጣ ይመስለኛል። ሳይዛመት ቁረጡና ለማሽኑ ስጡት» አለች። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ፤ መቁረጡንም ቆረጠ። ያመናት ግን አልነበረም።

ያላመኑበት ምክንያት ትሩፋት ነበረች። ከዛፎቹ ሥር ጭራሮ ትለቅም ነበር። ሸክላ ሠሪ ናት፤ እናቷም አያቷም ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ የሸክላ ሠሪ ዓይን ደግሞ ይበላል ይባላል፤ ሰውንም፣ ላምንም፣ ዛፍንም። ፊት ለፊት ማንም ምንም አላላትም። ውኃ ልትቀዳ ስትደርስ ወሬው ቀጥ ይላል፤ በበረቱ አጠገብ ስታልፍ ጥጃው ወደ ጓዳ ይገባል። አንድ ቀን ወደ ኮረብታው የሚወስደው መንገድ በእሾህ ተዘግቶ አገኘችው። የሻው ከእሾሁ ማዶ ቆሞ ነበር።

«ከእንግዲህ ጭራሮ የለም» አላት።

«ምነው አያ የሻው? የወደቀውን እኮ ነው የምለቅመው።»

«የወደቀውስ ለምን ወደቀ?» አላትና ፊቱን አዞረ።

ከዚያ ወዲህ የምትተኩሰው በኩበትና በገለባ ሆነ። ሸክላዋም ግማሹ ጥሬውን ይወጣ ነበር። ታዲያ ማገዶ በጠፋባት ሰዓት ማገዶ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው፣ ያውም አንቱ እያለ፣ ምን ፈልጎ ነው?

ዘመነ ከዓይኗ ሲሰወር እጇን ታጠበችና የጆንያውን አፍ ፈታች። ሰፌድ ላይ ዘረገፈችው። የትንሽ ጣት ጫፍ የሚያህል፣ ድርቅ ያለ፣ ለስላሳ ነው፤ ሰዉ መልኩን አይቶ «የፍየል በጠጥ» ይለዋል። አንዱን ሰበረችና አሸተተችው። ባሕር ዛፍ ነው። ሌላ ሰበረች። እሱም ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ማኅበሩ ለሱቅ የሚያከፋፍለው ግን የሩዝ ገለፈት የገባበት፣ ሲሰብሩት የሚያብለጨልጭ ነበር። የዚያ ጆንያ አፍ በማሽን የተሰፋ ነው፤ ይኸኛው በቃጫ ታስሯል።

በማግስቱ አንድ እፍኝ በመቀነቷ ቋጥራ ወረታ ወረደች። ገበያው ዳር ሱቅ ያላት ሀሚዳ ማሰሮዎቿን ተቀብላ የምትሸጥላት ሴት ናት፤ እንክብሉንም ትሸጣለች። ትሸጣለች ከተባለ ነው፤ ስድስት ጆንያ ግድግዳውን ተደግፎ አቧራ ይጠጣል።

«ሰው ማንደጃ የለውም» አለች ሀሚዳ። «በጉልቻ ሲያነዱት ታፍኖ ዓይን ያወጣል። ወስደው ወስደው ይመልሱልኛል።»

ትሩፋት መቀነቷን ፈትታ እፍኙን ባንኮኒው ላይ አፈሰሰችው። ሀሚዳ ከራሷ ጆንያ አንድ አንሥታ ከጎኑ አኖረች፤ ሁለቱን እያገላበጠች አየች።

«ይኸ ከእኛ አይደለም። ሩዙስ?»

«እኔም እሱን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ።»

ሀሚዳ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ባለፈው ሳምንት ማሽኑ ጋ ዕቃ ላነሣ ሄጄ፣ የሻው የራሱን ግንድ በጋሪ አምጥቶ ‹ለብቻው ፍጩልኝ፣ ከምንም እንዳይቀላቀል› ሲል ሰምቻለሁ። ለሠርግ ነው ብዬ ነበር።»

«ለሠርግስ አይደለም» አለች ትሩፋት።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ዓይኗ መንገዱን አላየውም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሰማችው ነገር ነው። ቡዳ የበላውን ሰው ያጥኑታል፤ ጭሱ ሲያፍነው የቡዳውን ስም እየጠራ ይለፈልፋል። ዛፍ ግን አፍ የለውም። ስለዚህ ዛፉን ራሱን ፈጭተው በበላችው ሴት ግቢ፣ በበላችው ሴት እጅ ሊያጨሱት ነው። ስትስል፣ ስታለቅስ፣ አንዲት ቃል ሲያመልጣት ሊይዟት። ከዚያ በኋላ እዚህ ቀዬ መኖር የለም።

ብትጥለውስ? «ፈርታ ጣለችው» ይላሉ። ብትመልሰውስ? ያው ነው። አስቀድማ ሳትሞክረው በኩበቷ ውስጥ ቀላቅላ ብታነድደው ደግሞ ራሷ ወጥመዱ ውስጥ ገባች ማለት ነው።

ሐሙስ ዕለት ቂጧ የተሰነጠቀ አሮጌ ማሰሮ አነሣች። ከሥሯ በወስፌ ስድስት ቀዳዳ ከፈተችና በሦስት ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻት። አንድ እፍኝ እንክብል ጨምራ በገለባ ለኮሰችው። መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን በአመድ ደፈነች፤ ጭሱ ጓዳዋን አጥለቀለቀው፤ ሳል ገደላት። ከዚያ አመዱን ጠረገችው። ነፋሱ ከሥር እንደገባ ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ተነሣ፤ ጭሱ ጠፋ። እየደጋገመች ሞከረችው። ሁሉ ነገር ነፋሱ ነው።

ዓርብ ወደ የሻው ቤት ሄደች፤ አጥሩ ላይ ቆማ ተጣራች። የሻውና ሚስቱ ንግሥቲ ብቅ አሉ።

«ነገ ረፋድ ላይ ሸክላ እተኩሳለሁ። በአዲሱ ማገዶ ነው» አለች። «ብቅ በሉና እዩት። ጎረቤትም ይዛችሁ ኑ።»

ንግሥቲ ባሏን አየች። የሻው፣ «እኛ ምን አገባን?» አለ፤ ግን ጆሮው ቀልቷል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አሥር የሚሆን ሰው መጣ። ግቢ ግን አልገቡም፤ ከአጥሩ ውጭ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቆሙ። የሻው ጋቢውን አፍንጫው ድረስ ተከናንቧል። ዘመነም አለ፤ ለብቻው፣ ከሁሉም ራቅ ብሎ። ትሩፋት የቆሙበትን አየች። ለጭሱ የተዘጋጁ ሰዎች መሆናቸውን ለማወቅ ሌላ ምልክት አላስፈለጋትም።

ማለዳ ተነሥታ ጉድጓዱን አበጅታዋለች። ከሥር ድንጋይ ደርድራ በአራቱም ማዕዘን ነፋስ መግቢያ ትታለታለች። ሃያ ሁለት ማሰሮ አፍ ለአፍ ከመረች፤ የጆንያውን እንክብል በመካከላቸውና በዙሪያቸው ነሰነሰች፤ ኩበትም ገለባም አልደረበችበትም። ከዚያ ለኮሰችውና ከእሳቱ ሁለት እርምጃ ቆመች። ነፋሱ ቢዞርስ? አንድ ጊዜ ብታስል በቃ።

መጀመሪያ ለማቀጣጠያ የጨመረችው ጭድ ትንሽ ጨሰ፤ ከአጥሩ ውጭ አንዲት ሴት አማተበች። ጭዱ አለቀ። ከዚያ እንክብሉ ከሥር እየያዘ መጣና ነበልባሉ በማሰሮዎቹ መካከል ብጫ ሆኖ ተነሣ። ጭስ የለም። ከእሳቱ በላይ አየሩ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

የሻው ጋቢውን ከአፍንጫው አወረደ፤ አንገቱን አሰገገ፤ እሳቱን አየ፣ እሷን አየ።

«ጭሱስ?» አለ።

ወደ ዘመነ ዞረ።

«ኧረ ጭሱ የታለ? መች ሊነካት ነው?»

ንግሥቲ ጋቢውን ጎተተችው። ትሩፋት ዞረች።

«የምን ጭስ ነው የሚጠብቁት፣ አያ የሻው?»

«ዛፉ የኔ ነው!» አለ። አፉ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ሊዘጋለት አልቻለም። «ለብቻው ነው ያስፈጨሁት! ገለፈት እንዳይገባበት ቆሜ ነው ያስፈጨሁት! ከጨሰባት ሳትወድ በግዷ ትናገራለች ብለውኛል፤ አንተ ዘመነ፣ ምን ያለ ማገዶ ነው የሰጠኸኝ?»

ከኋላ ቆሞ የነበረ አንድ ገበሬ ሳቁ አመለጠው። «እንግዲህ ማነው የለፈለፈው?» አለ። ሁለት ሦስት ሰው አብሮት ሳቀ። የሻው የሚገባበት ጠፋው፤ ዱላውን አንሥቶ ቁልቁለቱን ወረደ። ንግሥቲ ግን ወዲያው አልተከተለችውም። ትሩፋትን እያየች ትንሽ ቆመች።

ትሩፋት አልሳቀችም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በዚያው መካከል ከእሳቱ ውስጥ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ደግሞ ሌላ። ሙቀቱ ፈጥኖባቸዋል። ያን ቀን ከሃያ ሁለቱ ስምንት ማሰሮ ተሰነጠቀባት፤ ያለቀሰችው ለእነሱ ነው።

ሰዉ ሲበተን ዘመነ ቀረ።

«ታውቅ ነበር» አለችው።

«አውቅ ነበር። የሻው ይህን ካላደረግህልኝ ዛፉን አልሰጥም አለ፤ እሱ ከከለከለ ሌሎቹም ይከለክላሉ፤ ማሽኑ ይቆማል። ጆንያ ማድረስ ምን አለበት ብዬ ነው።» ከጓዳ ወጥታ ደጃፏ ላይ የተቀመጠችውን ባለቀዳዳ ማሰሮ አየ። «ግን እትዬ ትሩፋት፣ ያቺ ቀዳዳ ያላት ማሰሮ… እንክብሉ የማይሸጠው እኮ ማንደጃ ስለሌለው ነው። እርስዎ ቢሠሩልን…»

«ሂድ፣ ዘመነ። ዛሬ አታናግረኝ።»

ሦስት ሳምንት አኮረፈችው። በመጨረሻ ማንደጃውን የሠራችው ለእሱ ብላ አልነበረም፤ ጭራሮ የላትም፣ እሳቱም ጥሩ እሳት ነው። ስትስማማ ሁለት ነገር አስጠነቀቀችው። ጆንያውን የምትመርጠው ራሷ ከክምሩ መካከል ይሆናል። ሁለተኛው፣ «እንደ ድሮህ ‹አንቺ› በለኝ። ‹እርስዎ› ስትለኝ እፈራለሁ።»

ማንደጃዎቹ ከሥራቸው ስድስት ቀዳዳ ያላቸው፣ ጠበብ ያሉ፣ ወገባቸው ወፍራም ናቸው። ሀሚዳ ሱቅ የነበረው ጆንያ በሁለት ገበያ አለቀ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ደግሞ ብሥራት በይፋግ በኩል፣ አንድም ሸክላ ሠሪ በሌለበት መንደር፣ ያው በሽታ መግባቱን ነገረቻቸው፤ የሁለቱም ቀዬ ችግኝ ከአንድ ቦታ የተገዛ ነበር። የሻው ይህን ሰምቶ ምን እንዳለ ትሩፋት አልሰማችም። እሾሁ ከመንገዱ ተነሣ። ማን እንዳነሣው ግን የነገራት የለም፤ እሷም በዚያ መንገድ አልሄደችም።

አንድ የገበያ ቀን ሀሚዳ ሱቅ ውስጥ ማንደጃ እያራገፈች ሳለ ንግሥቲ ገባች። አንዱን አነሣች፤ ቀዳዳውን አየች።

«እንዴት ነው የሚለኮስ?»

ትሩፋት አሳየቻት። ሲቀባበሉ እጃቸው ተነካካ፤ ንግሥቲ እጇን አልሰበሰበችም፤ ዓይኗን ግን ወደ በሩ አዞረች።

«ከችግኙ ጋር ነው የመጣ አሉ» አለች።

«አሉ?» አለች ትሩፋት።

ሌላ አልተነጋገሩም። በሳልስቱ ግን ትሩፋት ጭቃ ቆፍራ ስትመለስ ደጃፏ ላይ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ሩዝ አገኘች፤ የቁሐር ሚካኤል ሜዳ ሩዝ፣ ተለቅሞ ተበጥሮ። ማን እንዳኖረው መገመት አላስቸገራትም። ሁለት ቀን ሳትፈታው አስቀመጠችው። በሦስተኛው ቀን ጥዋት ፈትታ አሸተተችው፤ አንድ እፍኝ ዘግና ለዶሮዋ በተነችላት፤ በር ላይ ተቀምጣም ቀኑን ሙሉ ስትጠብቃት ዋለች። ዶሮዋ ለቅማ ጨረሰች፤ ውኃ ጠጣች፤ ግቢውን ስትጭር ውላ ሲመሽ ቆጥ ላይ ወጣች።

በማግስቱ ትሩፋት ሩዙን ቀቀለችው።