የራጅ ክፍሉ በር

ረይሃና አዲሱ ገበያ ባለው ክሊኒካችን የራጅ ባለሙያ ናት። ዲፕሎማ አላት፣ የሙያ ፈቃድም አላት። እኔ የዚያው ክሊኒክ ዘበኛ ነኝ። በዕድሜ አባቷን እሆናለሁ፤ እሷ ግን መዝገቡ ብላ ባዶ ስሜን ነው የምትጠራኝ፣ እሱም ሲገኝ ነው። ሰው ፊት "ዘበኛው" ነኝ።

አንድ ክረምት ሳል አልለቅ ብሎኝ ደረቴን ልነሳ ገባሁ። ሸሚዜን አወለቅሁ። ካናቴራዬ ብብቱ ላይ ተቀዷል። "እሱንም አውልቀው፣ ማሽኑን እንዳታቆሽሽብኝ" አለችኝ፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። ራጁ ምንም የለብህም አለ። ራጅ ሁሉን አያሳይም።

ዘንድሮ ባለቤቱ ዶክተር ሲቲ ስካን ሊያስገቡ ነው ተባለ። የክፍሉን ኃላፊነት የምሰጠው ዲግሪ ላለው ነው አሉ። ረይሃና ዲግሪውን በኢንተርኔት ስትማር ቆይታ የመጨረሻው ፈተና ብቻ ነበር የቀራት። ካለፈች ኃላፊ ትሆናለች። ከወደቀች፣ ትናንት ዲግሪውን ይዞ መጥቶ እሷው ሥራ ያሳየችው ኪብሮን አለቃዋ ይሆናል።

የነረይሃና ቤት ከሱቃቸው ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ወንድሞቿ ከደንበኛ ጋር ሲጨቃጨቁ ነው የሚውሉት። ስለዚህ እሁድ፣ ተረኛ በሆነችበት ቀን፣ ላፕቶፗን ይዛ ራጅ ክፍል ገባች። ግድግዳውም በሩም እርሳስ የተለበጠ ስለሆነ እዚያ ውስጥ ሞባይል ኔትወርክ አያገኝም። የኢንተርኔት ገመዱን ከቢሮ ጎትታ አስገባች፤ ገመዱ መሃል ስለገባ በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ።

"ስማ መዝገቡ፣ ዛሬ ማንም አይገባም።"

"በሽተኛ ቢመጣስ?"

"ማሽኑ ተበላሽቷል በላቸው።"

"ደህናውን ማሽን?"

"ፈተና ላይ ነኝ አልኩህ እኮ። ካሜራው አጠገቤ ሌላ ሰው ካየ፣ ወይ እኔ አፌን ከከፈትኩ፣ ወይ ከወንበሬ ከተነሳሁ ይዘጋብኛል። ማዶ ሆኖ የሚጠብቀኝ ሰው አለ።"

"እሱም ዘበኛ ነው በይኛ።"

ሳቀች። "በዶላር የሚከፈለው ዘበኛ። አንተ በሩን ብቻ ጠብቅ፣ ሌላ ነገር ማን ካንተ ይጠብቃል።"

ፈተናው ሳይጋመስ አንድ ታክሲ ደጃፋችን ላይ ቆመ። ሽሮ ሜዳ ጥበብ የሚሸጥ ብሩኪ የሚባል ጎልማሳ እናቱን አቅፎ ወረደ። አሮጊቷ አይጮሁም፤ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰዋል።

"አባባ፣ ራጅ አለ?" አለኝ። አባባ ነው ያለኝ። "ደረጃ ላይ ወድቃብኝ ነው። የሄድኩበት ሁሉ እሁድ ነው እያለ መለሰኝ።"

ማሽኑ ተበላሽቷል የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

"አለ። ባለሙያዋም ውስጥ ናት። አታንኳኳ፣ ዝም ብለህ ግባ" አልኩትና በሩን በገዛ እጄ ገፋሁለት። ተከትዬውም ገባሁ።

ረይሃና አልዞረችም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ፊቷ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ይታያል፤ ከኋላዋ እኛም ገባንበት። በዚያች ሳጥን ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

"እህቴ፣ እባክሽ እናቴን እይልኝ" አለ ብሩኪ።

የረይሃና ጣት ብቻ ማውሱ ላይ ተንቀሳቀሰ።

"እህቴ፣ ሰው እያናገረሽ እኮ ነው።"

"እሷ እንዲህ ናት፣ ደጋግመህ ካልጠራሃት አትሰማም" አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ስንቱን በሽተኛ አትንቀሳቀስ፣ አትተንፍስ እያለች የኖረች ሴት እንባዋ አገጯ ላይ ሲደርስ እንኳ ለመጥረግ እጇን አላነሳችም። ብሩኪ ትከሻዋን ነካት። ስክሪኑ ነጣና አንድ መስመር ጽሑፍ ወጣ። እንግሊዝኛ ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ግን ገባኝ።

ያኔ ተነሳች። ላፕቶፑን ከደነች፣ እጇን ታጠበች፣ አሮጊቷን ከልጃቸው ተቀብላ አስተኛች። "እማማ፣ እንደዚህ ይሁኑልኝ። ትንፋሽ ይያዙ።" የጭናቸው አጥንት ከዳሌያቸው ስር ተሰብሯል። ብሩኪ ሲወጣ ቆሞ መረቀኝ።

ማክሰኞ ማለዳ ዘበኛ ቤቴ ድረስ መጣች።

"ጋሽ መዝገቡ፣ እንደምን አደሩ።"

ጋሽ። ከስንት ዓመት በኋላ።

"ትምህርት ቤቱ አንድ ዕድል ሰጥቶኛል። ድንገተኛ በሽተኛ ገብቶ ከሆነ የተቋረጠው፣ የክሊኒኩ ሠራተኛ በቪዲዮ ይመስክርና ድጋሚ ትፈተኛለሽ ብለውኛል። እሁድ እዚህ የነበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

"እመሰክራለሁ። ለምን አልመሰክር።"

ፊቷ በራ። ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች።

"ግን እኔ ሰውዬው ከመሐላ ወዲያ ግማሽ እውነት አልችልም" አልኳት። "ያየሁትን ሁሉ ነው የምናገረው። በሥራ ሰዓትሽ መፈተንሽን፣ በሽተኛ ከመጣ ማሽኑ ተበላሽቷል በል ማለትሽን። ዶክተርም አጠገባችን ቆመው ቢሰሙ ደስ ይለኛል።"

"ከሥራ እኮ ያባርሩኛል።"

"እሱን እሳቸው ያውቃሉ።"

"ምን አደረግኩዎት?" አለችኝ። ስለ ካናቴራው ልነግራት ነበር፤ እንደማታስታውሰው ከፊቷ አየሁና ተውኩት።

"ግቢ፣ በሽተኛ ይጠብቅሻል" አልኳት።

ስልኩን መልሳ ቦርሳዋ ከተተችና ገባች።

ሲቲ ስካኑ መጣ። ኪብሮን ኃላፊ ሆነ፤ ጠዋት ሲገባ እኔን አያየኝም፣ ገና ልጅ ነው። ረይሃና ግን ሰላም ሳትለኝ አታልፍም፤ እንደምን አደሩ ጋሽ መዝገቡ ትላለች፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ። ደስ ያለኝ ቀን እመልስላታለሁ።