ሃያ ሰከንድ የሚፈጅባት ፒክአፕ

የቬርና ስታምፐር ፒክአፕ ወደ መነሻው መስመር በተጠጋች ቁጥር የመኪና እሽቅድምድም ሜዳው አስተዋዋቂ ሩፉስ በድምፅ ማጉያው የሚላት ነገር አለ። «ሆት ዶግ ያማራችሁ አሁኑኑ ሂዱ፤ ገዝታችሁ ስትመለሱ ቬርና ገና መንገድ ላይ ናት» ይላል። ሰዉ ይስቃል፣ ቬርናም አብራ ትስቃለች። ምን ታድርግ፣ እውነት ነዋ። ከአባቷ የቀረችው አሮጌ ፎርድ የከብት መኖ ስታመላልስ የኖረች ናት። አረንጓዴ የነበረው ቀለሟ ዛሬ ስም የለውም። ስድስት ሲሊንደር ያለው ሞተሯ ያቺን ቀጥ ያለች አራት መቶ ሜትር ለመጨረስ ሃያ ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጎረምሶቹ ደርሰው፣ መኪና አቁመው፣ ወሬ ጀምረዋል።

ግን እዚህ ደቡብ ኢንዲያና፣ በበቆሎ እርሻ መሀል በተዘረጋው አስፋልት ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያሸንፈው ፈጣኑ ሳይሆን ልኩን የሚያውቀው ነው። ሁሉም ከመነሳቱ በፊት መንገዱን በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ በነጭ የጫማ ቀለም መስታወቱ ላይ ይጽፋል። ሁለት ሁለት ሆነው ሲሰለፉ ቀርፋፋው የቁጥራቸውን ልዩነት ያህል ቀድሞ ይለቀቃል፣ ፈጣኑ ቆሞ ጠብቆ ያሳድደዋል። ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። ከጻፈው ቁጥር በታች የገባ ግን፣ በቅንጣት ሰከንድም ቢሆን፣ ቀድሞ መድረሱ አያድነውም፤ ተሸናፊ ነው። በዚህ ሕግ የተነሳ ስንቱ ጉረኛ በገዛ መኪናው ፍጥነት ተሸንፎ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገብቷል።

ቬርና በሳምንቱ ቀናት የትምህርት ቤት አውቶብስ ትነዳለች፣ ስለዚህ ትዕግሥት ከየት እንደሚመጣ ታውቃለች። በዚያ ቀን፣ የወቅቱ የመጨረሻ ቅዳሜ ስለነበር ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ከቀትር ጀምሮ ተጋጣሚዎቿን አንድ በአንድ እየጣለች ለፍጻሜ ደረሰች። ከሌላው ወገን ለፍጻሜ የደረሰው ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ኦዴል ነው፣ ከሚያጓራው ቀይ መኪናው ጋር።

ነገሩ የዋንጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቬርና ባልጨነቃት። ፒክአፗን አባታቸው ለሁለቱም ነው የተወላቸው። ኦዴል ደግሞ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ያንን ሞተር ነቅዬ ካልጣልኩት ብሎ ችክ አለ። በምትኩ የሚገባውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር አስመጥቶ ጋራዡ ውስጥ ሸራ አልብሶ አስቀምጦታል። ቬርና ይህን ባሰበች ቁጥር አንጀቷ ይቃጠላል። ያንን ሞተር አባቷ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፈትቶ፣ እናቷ እየጮኸችበት፣ በገዛ እጁ ነው መልሶ የገጠመው። ጠዋት ጠዋት ስታስነሳው አባቷ ጉሮሮውን የሚጠርግ ይመስላታል። ይህን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ሰው ምን ይላል።

በፋሲካ ምሳ ላይ ሲጨቃጨቁ እናታቸው ስለ መኪና ማውራቱን ትታችሁ ብሉ ብላ ተቆጣቻቸው። እነሱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተስማሙ። በወቅቱ የመጨረሻ ቅዳሜ ከሁለቱ ርቆ የሄደው የሞተሩን ነገር ይወስናል፣ ሌላው አፉን ይዘጋል። ሁለቱም ለፍጻሜ ይደርሳሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ኦዴል ሄልሜቱን በብብቱ ይዞ እህቱ ወደተሰለፈችበት መጣና በመስኮቷ ጎንበስ አለ።

«ሞተሩን ተሰናበትሽው?» አላት።

«አንተ ሸራ ያለበስከውን ብረት ተሰናበተው። ሚስትህ አበባ ትትከልበት።»

«ቬርና፣ እኔ እኮ ለፒክአፗ ብዬ ነው። በዚህ ዕድሜዋ የሰው መሳቂያ ትሁን?»

«ዛሬ ከሳቁባት ውስጥ እስካሁን ከውድድሩ ያልተሰናበተ ካለ ጥራልኝ።»

የኦዴል ዓይን የፊት መስታወቷ ላይ ቀርቷል። እዚያ የተጻፈው 20.35 ነው፤ በጠራራው ፀሐይ የጻፈችው፣ ያው ቁጥር። አመሻሽ ላይ አየሩ ሲቀዘቅዝ ሞተር ሁሉ እንደሚነቃና መኪና እንደሚፈጥን ሜዳው ላይ የማያውቅ የለም። ኦዴል ራሱ የቀኑን ቁጥር ጠርጎ 11.05 ብሎ ዝቅ አድርጓል። እህቱ ረሳች ማለት ነው። እንዲህ ሆና ከሮጠች ከቁጥሯ በታች ገብታ ራሷን ትጥላለች፣ እሱ ከኋላዋ ቀስ ብሎ መግባት ብቻ ይበቃዋል። ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ቬርና ግን አልረሳችም። ቁጥሩን አውቃ ነው የተወችው። ፒክአፗ ከጻፈችው ትንሽ ትፈጥናለች፣ ያቺን ትርፍ ደግሞ መጨረሻው ላይ በፍሬን ትመልሳለች። ሌላውን ሥራ ለወንድሟ ባሕርይ ተወችው። እሱም ነዳጁን እስከ መጨረሻው ከረገጠ ከጻፈው በታች እንደሚገባ ታውቃለች። ኦዴል ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ፊት ለፊቱ ሲሄድ ማየት አይሆንለትም። በብስክሌት ቢሆን፣ በቤተ ክርስቲያን በር ቢሆን፣ የድንች ሳህን ሲዞር እንኳ መቅደም አለበት። ብልህ ሆኖ ከኋላ እንደሚቀር አሁን ለራሱ ምሎ ይሆናል። መማል ሌላ፣ እግር ሌላ።

ሩፉስ የሆት ዶጉን ነገር ተናገረ፣ ሰዉ ሳቀ። ከዚያ በቬርና በኩል ያለው የመነሻ መብራት ቢጫ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ አለ።

ፒክአፗ እንደ ልማዷ ተንገጫግጫ ተነሳች። አንደኛ ማርሽ አጉረመረመች፣ ሁለተኛ ላይ ትንሽ አሰበችበት፣ ሦስተኛ ስትገባ መንገዱን ያዘች። ከኋላ የኦዴል መኪና እንደታሰረ በሬ ቆሞ ያጓራል። ዘጠኝ ሰከንድ ሙሉ መቆም ለኦዴል ምን እንደሆነ ቬርና ታውቃለችና በሄልሜቷ ውስጥ ፈገግ አለች። በመጨረሻ ጩኸቱ ሲፈነዳ ሰማች። ተለቋል።

አሁን አንድ ዓይኗ ኋላውን በሚያሳየው መስታወት ላይ፣ አንድ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። ቀዩ ነገር ያድጋል። ቀድማ ፍሬን ከረገጠች ኦዴል በሰላም ልኩን ይዞ ያልፋታል። ዘግይታ ከረገጠች ከቁጥሯ በታች ትገባለች። በሁለቱም መንገድ ሞተሩ ሄደ። ይህንን መንገድ ግን ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ስትሄድበት ነው ያደገችው። ምልክት ያደረገችው የዛገ የአጥር ምሰሶ በጎኗ ሲያልፍ ቀዩ መኪና ከኋላ ጎማዋ እኩል ደረሰ።

ፍሬኑን ረገጠችው። ብዙም አይደለም፣ አውቶብስ ለልጆች እንደሚቆመው ለስለስ አድርጋ። ኦዴል ተወንጭፎ አለፋት። እሱ ቀድሞ ገባ፣ እሷ ከኋላው።

የውጤት ሰሌዳው በራ። የኦዴል 10.98፣ ከቁጥሩ በታች። የቬርና 20.37፣ በሁለት መቶኛ ሰከንድ ብቻ ከፍ ያለ። የአሸናፊው መብራት የበራው በእሷ በኩል ነው። ሩፉስ በድምፅ ማጉያው ያለ ምንም ቀልድ ስሟን ጠራ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ከሜዳው ጫፍ፣ መኪኖች የሚዞሩበት ሣር ላይ፣ ኦዴል ወርዶ ሄልሜቱን በእጁ ይዞ ቆሟል። ቬርና አጠገቡ አቆመች፤ ሞተሩን አላጠፋችም።

«ቁጥሩን ረሳሽው ብዬ ነበር» አላት።

«አልረሳሁትም።»

«ከኋላሽ ልቀር ለራሴ ነግሬው ነበር እኮ። እግሬ እንቢ አለኝ።»

«እኔም የተማመንኩት በእግርህ ነው።»

ኦዴል ሳይወድ ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀና ዓይኑ ፒክአፗ ላይ ቀረ። ሞተሩ ዱክ ዱክ ይላል። ከቀብሩ ወዲህ የሞተሩን ኮፈን ነክቶ አያውቅም ነበር፤ አሁን መዳፉን አሳረፈበት።

«ጉሮሮውን ሲጠርግ አይመስልም?» አለ ቀስ ብሎ።

ቬርና ደነገጠች። እሷ ብቻዋን የምትሰማው መስሏት ነው ስንት ዘመን የኖረችው።

«ታዲያ ይህን እየሰማህ እንዴት ልንቀለው ትላለህ?»

«ስለምሰማው ነዋ» አለ ኦዴል። «አልችለውም፣ ቬርና። በሰማሁት ቁጥር በሩን ከፍቶ የሚወርድ ይመስለኛል። አይወርድም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሟን ልብ የለውም ስትል ኖራለች። ሄልሜቷን አወለቀች፣ ወንበሩ ላይ ተንሸራታ ወደ ዳር ሄደችና መሪውን ለቀቀችለት።

«ግባ። ወደ ሰዉ የምትመልሰን አንተ ነህ።»

«መኪናዬስ?»

«ማን ይሰርቅሃል? ግባ አልኩህ።»

ኦዴል ገባ። መሪውን ያዘ። «ይህችን ቀስ ብሎ መንዳት አልችልበትም» አላት።

«እሱን ነው የማስተምርህ።»

አንደኛ ማርሽ አስገባ። በበቆሎው ዳር ባለው የመመለሻ መንገድ፣ መስኮቱን ከፍተው፣ ሞተሩን እየሰሙ ተመለሱ። ኦዴል አንድም ጊዜ ነዳጁን ጠበቅ አድርጎ አልረገጠም።