የስድስተኛው ዓመት ሥር

ሂሱክ ከአውቶቡስ ስትወርድ በረዶ የሞላው ሳጥን ትከሻዋን ሊገነጥለው ደርሶ ነበር። ድካም ሲባል ደግሞ የእሷስ ለጉድ ነው፤ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ስለ አንድ ሥር ብቻ ማሰብ ሰውን እንዲህ ያደርጋል። የምታጠናው ጂንሰንግ በሚሉት የመድኃኒት ተክል ሥር ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች ነው፤ ሥሩ ሲያረጅ የትኛው እንደሚመጣ፣ የትኛው እንደሚጠፋ። ለዚህም በየመኸሩ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ጉምሳን እየመጣች ከአባቷ ማሳ ጥቂት ሥር ትወስዳለች። አባቷ ያን ማሳ በዘሩ በዓመቱ አረፉ። አሁን የቀራት የስድስተኛው ዓመት ሥር ነው። እሱ ከሌለ የአምስቱ ዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ማሳው ተቆፍሮ አልቋል፤ የተረፉት ሥሮች እናቷ ፍሪጅ ውስጥ ናቸው።

"ወይኔ ልጄ! ይሄ ፊት ነው?" አሉ እናቷ ገና በሩ ላይ።

"ደህና ነኝ እማ። ሥሮቹን ስጪኝና ልሂድ፤ ፕሮፌሰሩ ነገ ጠዋት ይጠብቁኛል።"

"በባዶ ሆድሽ የትም አትሄጂም! አረፍ በይ።"

ከታች በሚሞቀው የቤቱ ወለል ላይ ጎኗን ማሳረፏን እንጂ ዓይኗን መክደኗን አታስታውስም። ስትነቃ ጀንበር አዘቅዝቃለች፤ ቤቱን መረር፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ ሞልቶታል። ያን ሽታ የጉምሳን ሰው በእንቅልፉም ያውቀዋል። እየተደናበረች ወጥ ቤት ገባች።

ድስቱ ተከፍቶ ይተናል። ሥሮቹ ቀልተው፣ ወዝተው ተጋድመዋል። ሁሉም!

"እማ... ምን አደረግሽ?"

"በእንፋሎት አበሰልኳቸዋ! ለፕሮፌሰር ጥሬ ሥር ይሰጣል እንዴ? እናቷ ወግ አታውቅም ቢሉኝስ? ሲቀላ እኮ ነው መድኃኒትነቱ የሚበረታ። ከውሃው ላንቺም በጎድጓዳ ሳህን አስቀርቻለሁ።"

ሂሱክን መጮህ አማራት፤ አቅሙ ግን ከየት ይምጣ!

"እማ፣ የተቀቀለ እንቁላል ጫጩት ይወጣዋል? እኔ የምፈልገው ፕሮቲንም እንደዚያ ነው። እሳት ከነካው አለቀ።"

እናቷ ድስቱን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። "የአጎትሽ ማሳ አለ እኮ..."

"ዘሩም አፈሩም ሌላ ነው። እንደገና ከአንድ ዓመቱ ልጀምር ነው?"

"ምነው እጄን በቆረጠው!" እናቷ ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ። "አባትሽ ሲዘራው፣ 'ይሄ ሲደርስ ለሂሱክ አብስይላት፤ ቀለም ስትቆጥር ሥጋዋ አለቀ' ብሎኝ ነበር። ዛሬ ፊትሽን ሳይ ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ።"

ሂሱክ ወደ ድስቱ ዞረች። ይሄን ማንም ነግሯት አያውቅም። ከዚያ ማሳ ስንቱን ሥር ወስዳ ስትፈጭ፣ አንዱን እንኳ ቀምሳ አታውቅም።

ስልኳ ጠራ፤ ፕሮፌሰሩ ናቸው። ተወችውና ጎድጓዳ ሳህኑን በሁለት እጇ አንስታ እስከ አተላው ጠጣች።

"ይመራል?" አሉ እናቷ ከሽርጣቸው ውስጥ።

"ይመራል" አለች እንባዋን እየጠረገች። "ጨምሪልኝ።"