የታጠቡት ናሙናዎች

«ወረቀቶቹስ?» አለች የኔነሽ።

ሠልስት ነው። የእናቷ የወለተ ጊዮርጊስ የብስኩት ቆርቆሮ ባዶውን ፍራሹ ላይ ተቀምጧል። ውስጡ የነበሩት አርባ የዳንቴል ናሙናዎች፣ መዳፍ የማያህሉ ቁራጮች፣ ግቢው ገመድ ላይ ተሰጥተዋል። አክስቷ በለጠች የሟችን ልብስ ስታጥብ እነሱንም ጨምራ አጥባቸዋለች።

«ቀለም እንዳይለቅባቸው ነቅዬ አስቀመጥኩልሽ» አለች በለጠች፣ ብርጭቆ ሙሉ ቁርጥራጭ ወረቀት እያሳየቻት። «ምን አጠፋሁ?»

ደግ ሰው ሲያጠፋ ደግሞ ምን ይባላል! ወለተ ጊዮርጊስ በስተርጅና የቀበሌው መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል የቆጠረችው ለእነዚህ ወረቀቶች ስትል ነው። ከትምህርት በተመለሰች ቁጥር የክሩን ዓይነት፣ የኪሮሹን ቁጥር፣ የሥራውን ባለቤት ጽፋ ከየናሙናው ጋር በእስፒል ታያይዝ ነበር። ከእሷ የቀረ የእጅ ጽሑፍ ይኸው ብቻ ነው። የኔነሽ እያንዳንዱን ወረቀት እናቷ ካኖረችበት ሳትመልስ ዕንቅልፍ የሚወስዳት አልመሰላትም።

ፋዱማ ከመጋላ ሰፈር መጣች። ከሟች ጋር ሃያ ዓመት ዳንቴል ሠርታለች። ነገሩን ስትሰማ ናሙናዎቹን ከገመድ ሰብስባ ጭኗ ላይ ዘረገፈቻቸው።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ የኔነሽ! አቦ፣ ለዚህ ነው እንዴ? እኔ ማንበብ አላውቅ፣ እጄ ግን ያውቃቸዋል። አንብቢልኝ።»

«የትራስ ጠርዝ። ክር ሃያ። አትቸኩዪ።»

«ይቺ ናት። አትቸኩዪ ያለችው ራሷን ነው ወላሂ! ስትቸኩል ቀዳዳ ትዘል ነበር።»

ለቀስተኞቹ ሳቁ፤ ወዲያው ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

«የመድና አልጋ ልብስ። ተፈታ።»

ፋዱማ አንዷን ቁራጭ አንስታ አገላበጠቻት። በጦርነቱ ዓመት የደንበኛቸው የመድና እጮኛ ከግንባር ሳይመለስ ሲቀር፣ መድና ያለቀለትን አልጋ ልብስ ታቅፋ መጥታ «ፍቺልኝ» አለች። ወለተ ጊዮርጊስ እያለቀሰች ፈታችው። ናሙናውን ግን አልነካችም። «ናሙናው ካለ ሥራው ተመልሶ ይሠራል» ትል ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሠላሳ ዘጠኙን አገናኙ። አንዲት ቅጠል ያላት፣ ጠበቅ ተደርጋ የተሠራች ቁራጭ ብቻ ቀረች።

«ይቺን አላውቃትም» አለች ፋዱማ። «እኔ ሳላያት የሠራቻት ናት።»

በለጠች ብርጭቆውን ደፍታ አራገፈችው። ምንም የለም።

የኔነሽ ናሙናዋን ፊትና ጀርባዋን አየች። ከዚያ ብድግ ብላ፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ የጓዳውን መጋረጃ ገለጠች።

«እማ፣ ይቺስ የምንድን ናት?»

የእናቷ አልጋ ተነጥፏል፤ ባዶ ነው። የኔነሽ መጋረጃውን እንደያዘች፣ ናሙናዋን የያዘው እጇ ወደ አልጋው እንደተዘረጋ ቀረ።